የሪሞት ሄሊኮፕተር ለሚጀምር ሰው፦ ብሌዱ፣ ባትሪውና ሆልድ ማብሪያው የተነሱበት የ24 መልስ ክር

ክሩን፣ ማለትም የውይይት መድረክ ላይ ያለውን የጥያቄና መልስ ሰንሰለት፣ የከፈተው ሰው የጠየቀው ሦስት ነገር ነው፦ ሄሊኮፕተሩ ሲነሳ ስንት ሜትር ርቆ መቆም እንዳለበት፣ መነጽር ግድ ይሁን አይሁን፣ ከታች የሚታሰረው የመለማመጃ እግር ይጠቅም እንደሆነ። የያዘው 450 የሚባለውን መጠን ነው፤ ከላይ የሚዞረው ክንፍ፣ ብሌዱ፣ 325 ሚሊ ሜትር፣ ባትሪው ባለ ሦስት ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር)። ሲሙሌተር ላይ፣ ማለትም በኮምፒውተር መለማመጃ፣ ጅራቱን ወደ ራሱ አድርጎ አየር ላይ አንድ ቦታ ማቆም እንደቻለም ገልጿል። ጨዋና የተብራራ ጥያቄ ነበር። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ሐሳብ ጣል አደረገ፦ ሄሊኮፕተሩ ትንሽ ስለሆነ ያን ያህል እንደማያስፈራ፣ አደጋ ቢኖር እንኳ ሰማይ ላይ ከእጅ ሲወጣ ብቻ እንደሆነ። ክሩ እስከ 24 መልስ የረዘመው በዚህች ሐሳብ ምክንያት ነው።

መልስ 1 በአክብሮት ጀመረ። ሳያስነሳ መጠየቁን አመስግኖ ለ450 ከ5 ሜትር ያላነሰ፣ ለ600ና ከዚያ በላይ ለሆነው ከ10 ሜትር ያላነሰ ርቀት አስቀመጠ። መነጽር ሁልጊዜ ይደረጋል። የሚመለከት ሰው ካለ ከአብራሪው ኋላ ይቆማል፤ ሕፃን ወይም ውሻ ሊገባ በሚችልበት ሜዳ ባትሪ አይሰካም። ከሁሉ የወደድኩለት የመጨረሻዋን ነጥብ ነው፦ ብሌድ ቢሰበር ወይም ቢፈታ ስብርባሪው የሚወረወረው በሚዞርበት ጠለል ላይ ስለሆነ፣ እየዞረ ሳለ ተንበርክኮ ወይም ጎንበስ ብሎ ዓይንን ከብሌዱ ትይዩ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። ሁለቱ ብሌዶች በእኩል ከፍታ መዞራቸውን ለማየት ብዙዎች የሚጎነበሱት እዚያው አጠገቡ ነው። ለዚያ የአንዱን ብሌድ ጫፍ በደማቅ ቀለም ፕላስተር ጠቅልሎ ከ5 ሜትር ላይ ማየት ይበቃል።

መልስ 2 ትንሽ ነው የሚለውን ሐሳብ በሒሳብ ገጠመው። የ450 ብሌዶች ከነመያዣቸው ከጫፍ ጫፍ 72 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናቸው። በደቂቃ 2800 ጊዜ ሲዞሩ ጫፋቸው በሰከንድ 105 ሜትር ይጓዛል፤ በሰዓት 380 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ትልቁ 700 ደግሞ ስፋቱ 1.58 ሜትር ሆኖ በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር የብሌዱ ጫፍ በሰዓት ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። 190 ግራም የሚመዝን ብሌድ፣ የክብደቱ ማዕከል ከዘንጉ 40 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ የያዘውን ብሎን የሚስበው ኃይል 340 ኪሎ እንደተንጠለጠለበት ያህል ይሆናል። የጅራቱ ብሌድ ትንሽ ቢሆንም ከላይኛው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ፈጥኖ ስለሚዞር በ450 ላይ በደቂቃ ከ11 ሺህ ዙር ያልፋል፤ ሲዞር ዓይን አያየውም፣ ጣት ግን ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ ወጣት ራሱ በሚያበርረው ሄሊኮፕተር ብሌድ ተመትቶ መሞቱንም ጠቀሰ። ሒሳቡን ማንም በካልኩሌተር ሊደግመው ይችላል።

የክሩ እምብርት ግን መልስ 3 ነው። ጸሐፊው ሰማዩን ትቶ ወደ መሬት ወረደ። ጀማሪ ሰማይ ላይ ሲሳሳት ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው ዕቃ ነው፤ ጣት የሚቆረጠው ባትሪ ሲሰካ፣ ሄሊኮፕተሩ ተይዞ ወደ ሜዳው ሲሄድ፣ ካረፈም በኋላ ባትሪ ለመንቀል ሲጎነበስ ነው። ስለዚህ አንድ የማይለወጥ ቅደም ተከተል ጻፈ። መጀመሪያ ሪሞቱ ላይ ሞተሩን የሚቆልፈው ስዊች፣ ሁሉም ሆልድ የሚሉት፣ ይበራል። የሞተሩ ስቲክ እስከ መጨረሻው ይወርዳል። ከዚያ ሪሞቱ ይበራል፤ ስክሪኑ ላይ የተጻፈው የሞዴል ስም በዓይን ይነበባል። ከዚህ በኋላ ብቻ ባትሪው ይሰካል፤ አንድ እጅ ብሌዶቹ የሚገጠሙበትን ራስ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል፣ ፊትና ደረት ከብሌዱ ጠለል ውጭ ይሆናሉ። ሄሊኮፕተሩን የሚያረጋጋው መሣሪያ፣ ጋይሮው፣ እስኪነቃ ሄሊኮፕተሩ አይነቃነቅም። ሲሸከሙትም ሆልዱ እንደበራ፣ እጅ ብሌዶቹ የሚገጠሙበት ራስ ላይ እንዳለ ነው። መሬት ካስቀመጡት በኋላ 5 ሜትር ርቀው፣ ስቲኩን ነካ ነካ አድርገው ከብሌዶቹ ሥር ያለው እየጋደለ አንግላቸውን የሚቀይር ሳህን፣ ስዋሽፕሌቱ፣ በትክክል መታዘዙን አይተው፣ ሆልዱን የሚያጠፉት ያኔ ነው። ሲያርፍ በተቃራኒው፦ ሆልድ ይበራል፣ ብሌዱ ፈጽሞ እስኪቆም ይጠበቃል፣ ባትሪው ይነቀላል፣ ሪሞቱ በመጨረሻ ይጠፋል። እስኪቆም የሚጠበቀው ትልቁ ጥርስ ውስጥ ያለው ኩሽኔታ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚይዝ፣ ሞተሩ ቆሞም ብሌዱ በራሱ ጉልበት መዞሩን ስለሚቀጥል ነው። በእጅ ለማስቆም መሞከር የለም።

መልስ 4 በዚያው ላይ ጨመረ። ጠረጴዛ ላይ ሰርቮ፣ ማለትም ስዋሽፕሌቱንና ጅራቱን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር፣ ሲስተካከል ወይም የሪሞቱ ሜኑ ሲቀናበር ሄሊኮፕተሩ ላይ የላይኛውም የጅራቱም ብሌድ መኖር የለበትም። ሞተሩም ይለያል፤ ከሦስቱ የሞተር ሽቦዎች ሁለቱን መንቀል ወይም ሞተሩን ፈታ አድርጎ ዘንጉ ላይ ያለውን ትንሽ ጥርስ፣ ፒኞኑን፣ ከትልቁ ጥርስ ማራቅ።

መልስ 5 ይህን ሁሉ ድካም አልወደደም። ሆልድ እያለ ሽቦ መንቀል ትርፍ ሥራ እንደሆነ፣ የሞተር ሽቦ በተነቀለ ቁጥር መሰኪያው እንደሚላላ ተናገረ። ክሩ ከዚህ በኋላ ነው የከረረው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ‹እርስዎ› ሲባባል የቆየው፣ በመልስ 6 ወደ ‹አንተ› ወረደ። የመልስ 6 ጸሐፊ ቁጣው ቢያይልም ምክንያቱ ትክክል ነበር። ሆልድ ሪሞቱ ውስጥ ያለ ትእዛዝ እንጂ ሽቦ የሚቆርጥ ነገር አይደለም። ሪሞቱ ላይ የሌላ ሞዴል ማኅደር ተመርጦ ቢሆን፣ የሞተሩ ቻናል ተገልብጦ ቢሆን፣ ጀማሪው ሜኑ ውስጥ ገብቶ ሆልዱን ሳያውቅ ከሌላ ስዊች ጋር አገናኝቶት ቢሆን፣ ያ ትእዛዝ ሞተሩን በሙሉ ጉልበት ሊያስነሳው ይችላል። እነዚህ ስሕተቶች ደግሞ በአብዛኛው የሚፈጠሩት ጠረጴዛ ላይ፣ እጅ ሄሊኮፕተሩ ውስጥ ባለበት ሰዓት ነው። መሰኪያው ከላላ ይቀየራል፤ ጣት መለዋወጫ የለውም።

መልስ 7 ሁለቱንም ለማብረድ ገባ። ለመልስ 5 ስለ መሰኪያው መላላት የተናገረው እውነት መሆኑን አምኖ፣ ፒኞኑን ማራቅ ያንን ችግር እንደሚያስቀር አመለከተ። አያይዞም የሲግናል መጥፋት ፍተሻን አነሳ፦ ሪሞቱ ቢጠፋ ሄሊኮፕተሩ ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ ሞተሩን ዜሮ ማድረግ አለበት እንጂ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ መቆየት የለበትም። የሚፈተሸውም ብሌዶቹ ወልቀው፣ ፒኞኑ ከጥርሱ ርቆ፣ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ሳለ ሪሞቱን በማጥፋት ነው። ሞተሩ ወዲያው ካልቆመ ያ ሄሊኮፕተር ሜዳ አይወጣም።

መልስ 8ና 9 ሁለት የስዊች ወጥመዶችን አወጡ። የመጀመሪያው አይድል አፕ የሚባለው ነው። በኖርማል፣ ማለትም በተለመደው አሠራር፣ ስቲኩ ሲወርድ ሞተሩ ይቆማል፤ በአይድል አፕ ግን ስቲኩ የትም ቢሆን ሞተሩ በተቀመጠለት ፍጥነት ይዞራል። ይህን ያላወቀ ጀማሪ ደንግጦ ስቲኩን ወደ ታች ሲጥለው ሞተሩ አይቆምም፤ የብሌዱ አንግል ወደ ታች ይገለበጥና ሄሊኮፕተሩ መሬቱን ይመታል። ለመማሪያ ጊዜ ስዊቹን ከሪሞቱ ሜኑ ማሰናከል ይቻላል። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፦ ብዙ የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያዎች፣ ሆልድ በርቶ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ተመልሶ ከጠፋ፣ ሞተሩ ሲነሳ ቀስ እያለ ፍጥነት እንዲጨምር የሚያደርጉበትን አሠራር ዘልለው ሞተሩን በአንድ ጊዜ ወደ ሙሉ ፍጥነት ይመልሱታል። ሞተር አጥፍቶ ማረፍን ለሚለማመድ ሰው ሐሳቡን ሲቀይር እንዲያድነው ተብሎ የተሠራ ነው። ሄሊኮፕተሩ አርፎ፣ ሰውየው ሪሞቱን በአንገት ማንጠልጠያ ደረቱ ላይ አድርጎ ሲጎነበስ ስዊቹ በልብሱ ቢነካ ግን ብሌዱ ያለ ማስጠንቀቂያ ይፈናጠራል። ስለዚህ ለጀማሪ ይህ ምርጫ ይዘጋ፤ ሪሞቱም ሲጎነበሱ መሬት ላይ ይቀመጥ።

ጠያቂው በመልስ 10 ተመልሶ፣ ትንሽ ነው ያለውን አንስቶ ይቅርታ ጠየቀና ከመጀመሪያው መነሳት በፊት ጋይሮውን እንዴት እንደሚፈትሽ ጠየቀ። መልስ 11 ፍተሻውን እንደ ሥዕል አስቀመጠለት። ብሌድና ሞተር በሌለበት፣ ሄሊኮፕተሩን በሁለት እጅ ይዞ አፍንጫውን ወደ ታች ማዘንበል፤ ስዋሽፕሌቱ ወደ ኋላ ጋደል ማለት አለበት፣ አግድም ሆኖ ለመቆየት የሚታገል ይመስል። ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉት ወደ ግራ። ለጅራቱ ደግሞ መጀመሪያ ስቲኩን ወደ ግራ ገፍቶ የጅራቱን ብሌዶች አንግል የሚቀይረው ተንሸራታች ወደየት እንደሄደ ማየት፤ ከዚያ ስቲኩን ለቅቆ አፍንጫውን በእጅ ወደ ቀኝ ማዞር። ተንሸራታቹ በዚያው ወደሄደበት ጎን መሄድ አለበት። ተቃራኒውን ካሳየ ጋይሮው ስሕተቱን ከማረም ይልቅ እያባባሰው ነው ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሄሊኮፕተር ከመሬት ሲላቀቅ በሰከንድ ውስጥ ይገለበጣል ወይም እንደ እንዝርት ይሾራል።

መልስ 12 አንድ እርማት ነበረው። ስቲኩ መሐል ሲሆን የብሌዱ አንግል ዜሮ መሆኑ በአንግል መለኪያ እስካልታየ ድረስ የጋይሮው ፍተሻ ብቻውን በቂ አይደለም። ለጀማሪ በኖርማል ስቲኩ ሲወርድ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ገደማ፣ ሲወጣ ከዜሮ በላይ 9 ወይም 10 ዲግሪ እንዲሆን መከረ፤ ከዜሮ በታች ብዙ አንግል ካለ በድንጋጤ የወረደ ስቲክ ሄሊኮፕተሩን መሬት ላይ ይተክለዋል። መሬት ላይ ቆሞ ብሌዱ እየዞረ ሳለ ስዋሽፕሌቱ ትንሽ ያዘነበለ ቢመስል በስቲክ ለማቃናት መታገል እንደማይገባም አሳሰበ። ጋይሮው መሬቱ እንደያዘው ስለማያውቅ ትእዛዙን እያጠራቀመ ይሄድና ሄሊኮፕተሩን በጎኑ ይጥለዋል። የማዘንበያውን ስቲክ መሐል ትቶ፣ ሳያመነቱ ማንሳት ነው።

መልስ 13ና 14 ወደ ሌላ ሄዱ። አንዱ ሞተሩ በግራ ስቲክ የሚሆንበትን ሞድ 2 ሲያወድስ፣ ሌላው በቀኝ የሚሆንበትን ሞድ 1 ተከራከረለት። ለጀማሪ የሚጠቅመው አጠገቡ ያለው አስተማሪ የሚጠቀምበት ሞድ መሆኑን ማንም አላነሳም፤ ቢነሳ ጥሩ ነበር። ምክንያቱም ሄሊኮፕተሩ ከእጅ ሲወጣ ሪሞቱን የሚቀበለው እሱ ነው። በመልስ 15 አንድ ሰው፣ ጠያቂው የጠየቀው ጣቱን ስለማዳን እንደሆነ በጥቂት ቆጣ ያሉ ቃላት አሳስቦ ክሩን መለሰው።

መልስ 16 ባትሪውን ያዘ፣ በአጭሩም ቢሆን በልኩ። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ለማስቀመጥ ከ3.8 እስከ 3.85። የ2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ በ2.2 አምፔር ይሞላል፣ ሰው ባለበት፣ በማይቀጣጠል ነገር ላይ። ሲበርር ከአቅሙ 80 በመቶው፣ ማለትም 1760ው ብቻ ይወጣ። የሪሞቱ ሰዓት በመጀመሪያ 4 ደቂቃ ላይ ይሞላ፤ ከዚያ ቻርጀሩ ስንት እንደመለሰ እያዩ ማስተካከል። ባትሪው በበረራ መሐል ከደከመ ስቲኩ ወደ ላይ እየተገፋ ሄሊኮፕተሩ ይወርዳል፤ ጀማሪም ይህን የራሱ ስሕተት አድርጎ እየታገለ ወደ ራሱ ሊያቀርበው ይችላል። ያበጠ ባትሪ ከእንግዲህ አይሞላም። ከወደቀ ሄሊኮፕተር የወጣ ባትሪ ውጭ፣ ከመኪናና ከደረቅ ሣር ርቆ፣ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀመጣል፤ ወዲያው ሳይሆን ቆይቶ ሊቀጣጠል ይችላልና።

የመለማመጃው እግር ከመልስ 17 እስከ 19 አከራከረ። እግሩ ሁለት የተሻገሩ ቀጫጭን ዘንጎች ነው፣ ጫፋቸው ላይ ኳስ ያላቸው፤ ከማረፊያው ሥር በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሰራል። መልስ 17 ሄሊኮፕተሩ በጎኑ እንዳይወድቅ ስለሚይዝ ጀማሪ ያለ እሱ እንዳይነሳ አጥብቆ መከረ። መልስ 18 በተቃራኒው፣ ሲሙሌተር ላይ የተማረ ሰው እንደማያስፈልገው፣ እንዲያውም ሣር ውስጥ አንዱ ኳስ ሲያዝ ሄሊኮፕተሩ በዚያው ዙሪያ ተገልብጦ ብሌዱን መሬት ላይ እንደሚሰባብር ተናገረ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። መልስ 19 ያስታረቃቸው መሬቱን በመጠየቅ ነው። ለስላሳ አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ላይ እግሩ ይንሸራተታል፣ ይጠቅማልም፤ ሣር ላይ ወጥመድ ይሆናል። ሌላው ችግር እግሩ የሚያመጣው ድፍረት ነው፦ ሰው 20 ሴንቲ ሜትር ላይ እየተንሳፈፈ መማር ይፈልጋል። እዚያ ግን ብሌዱ የገፋው አየር ከመሬት ተመልሶ ሄሊኮፕተሩን ያናውጠዋል። ለ450 ከብሌዱ ስፋት በላይ፣ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር፣ ሲወጣ ይረጋጋል። ለማውረድም ቀስ ብሎ ነው፤ ቀጥ ብሎ በፍጥነት ከወረደ ራሱ በገፋው አየር ውስጥ ይሰምጥና ስቲኩ ወደ ላይ ቢገፋም አይሰማም። ትንሽ ወደፊት እያስኬዱ ማውረድ ያድነዋል።

ጠያቂው በመልስ 20 አንድ ጥያቄ ብቻ አነሳ፦ ሄሊኮፕተሩ ወደ እሱ ቢመጣ ምን ያድርግ? መልስ 21 ጋይሮው ማዳኛ ስዊች ካለው እሱን መጫን እንዳለበት ጻፈ። መልስ 22 ይህን በጥብቅ አረመ፤ እርማቱም ተገቢ ነው። ማዳኛው ሄሊኮፕተሩን አቃንቶ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ከፍ ብሎ፣ ራቅ ብሎ ላለ ሄሊኮፕተር መልካም ነገር ነው። ወደ ሰው እየመጣ ላለ ግን የነበረበትን ፍጥነት አያጠፋም፣ ብሌዱም በሙሉ ጉልበት እየዞረ ይቆያል። 5 ሜትር ውስጥ ከገባ ወይም ወዴት እንደዞረ መለየት ካልተቻለ ሆልድ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ሄሊኮፕተሩ ይወድቃል፤ ብሌድ፣ ዘንግ፣ ምናልባት ትልቁ ጥርስ ይሰበራል፤ ይሰበር። ጀማሪውን የሚጎዳው ዕቃውን ለማትረፍ የሚጨምራት ያቺ አንድ ሰከንድ ናት። ስለዚህ ሲሙሌተር ላይ በየበረራው መሐል ሆን ብሎ ሆልድ መምታት ይለመድ፤ ጣቱ ሳያስብ እስኪሄድ ድረስ። መሬት ከነካም በኋላ ቀዳሚው ሥራ ሆልድ ነው፤ የተጠላለፈ ብሌድ ይዞ የሚታገል ሞተር መቆጣጠሪያውን ያቃጥላል።

መልስ 23 ከወደቀ በኋላ የሚታየውን ዘረዘረ። የብሌድ መያዣዎቹን የሚያገናኘው ውስጠኛ ዘንግ ወጥቶ መስታወት ላይ ይንከባለላል፤ ከዘለለ ታጥፏል፣ ይጣላል። ብሌዱ በእጅ ሲጠመዘዝ ጠሽ የሚል ድምፅ ካሰማ ውስጡ ተሰንጥቋል፤ ከላይ ደህና ቢመስልም አይገጠምም። ብረት ከብረት የሚገናኝበት ብሎን ሁሉ በአንድ ጠብታ ሰማያዊ የብሎን ሙጫ ይታሰራል፤ ፕላስቲክ ላይ ግን ሙጫው ያሰነጥቀዋልና አይደረግም። የብሌዱ ብሎን ልኩ በቀላሉ ይታወቃል፦ ሄሊኮፕተሩ በጎኑ ሲያዝ ብሌዶቹ በራሳቸው ክብደት አይታጠፉም፣ ትንሽ ሲነቀነቅ ግን ይወርዳሉ። እጅግ ከጠበቀ ወይም ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፤ ሲንቀጠቀጥ ፍጥነት ጨምሮ ለማለፍ መሞከር የለም፣ ወዲያው ሆልድ። በዚያው መልስ ውስጥ ብቻውን የሚለማመድ ሰው እንዳይኖር፣ ስልክና ንጹሕ ጨርቅ ከመሣሪያው ሣጥን ጋር እንዲቀመጥ፣ ቁስሉን ተጭኖ ቢያንስ 10 ደቂቃ እያነሱ ሳያዩ መያዝ እንደሚገባም ሰፍሯል።

መልስ 24 ማንም ያልጠየቀውን ነገር አነሳ፤ ሆልዱ ሪሞቱ ላይ የት ይሁን? ስቲኮቹን በጣት እንደያዙ ሪሞቱ ሳይታይ ይያዝ፤ የአንዱ እጅ አመልካች ጣት ስቲኩን ሳይለቅ የሚደርስበት የትከሻው ስዊች እሱ ነው። ከአይድል አፕ ጋር ጎን ለጎን አይሁን፤ አንዱ በቀኝ፣ ሌላው በግራ ትከሻ ይደረግ። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ሄሊኮፕተርና ሲሙሌተር ላይ ቦታውም አቅጣጫውም አይቀየር፤ ሪሞቱ ሆልድ ሳይበራ ሲከፈት እንዲጮኽም ማስጠንቀቂያው ይስተካከል።